በየሳምንቱ ቤታችን የሚገባው ተዋናይ ሲያረጅ ከምን ይኖራል?

በየጊዜው የሚደጋገም ነገር ነው። የታወቀ የድራማ ተዋናይ ይታመማል። ፎቶው በፌስቡክና በቴሌግራም ይዞራል። ከፎቶው ሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይቀመጣል። ያን ጊዜ ባሕር ዳርም እንደ ሌላው ከተማ ወሬው ይደርሳታል። ጣና ዳር ባሉት ቡና ቤቶች፣ ባጃጅ ውስጥ፣ መሥሪያ ቤት በምሳ ሰዓት ጥያቄው አንድ ነው፤ «ይሄን ያህል ዓመት ቴሌቪዥን ላይ የኖረ ሰው መታከሚያ እንዴት ያጣል?»

መልሶቹም የታወቁ ናቸው። አንዱ «ሲያገኝ አላስቀመጠም» ይላል። ሌላው «ፕሮዲውሰሩ በልቶት ነው» ይላል። ሦስተኛው መንግሥትን ይወቅሳል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ግን አንድ ነገር ዘለው ያልፋሉ። የተከታታይ ድራማ ተዋናይነት በእኛ አገር ዝና ይሰጣል እንጂ ቋሚ ሥራ ሆኖ አያውቅም። በሙያው ያረጁት አንጋፋዎች ብዙዎቹ የኖሩት ድራማው በሚከፍላቸው ገንዘብ አይደለም። ከድራማው ጀርባ ሌላ ደመወዝ ነበራቸው። ያ ደመወዝ ከየት ይመጣ እንደነበርና አሁን ለምን እንደሳሳ ካልታየ ወሬው ከሐሜት አያልፍም።

መጨረሻው ያልታወቀ ድራማ

ፈረንጆቹ «ሶፕ ኦፔራ» የሚሉት ተከታታይ ድራማ ሬዲዮ ላይ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካ የሳሙና አምራቾች ቀን ቀን ቤት ለሚውሉ ሴቶች የሚተላለፉ ድራማዎችን ስፖንሰር ያደርጉ ነበር። ስሙም ከዚያው ቀረ። ከነዚህ ድራማዎች አንዱ፣ «ጋይዲንግ ላይት»፣ በ1937 በሬዲዮ ጀመረ። በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ። ያበቃው በ2009 ነው። 72 ዓመት ማለት ነው።

የዚህ ዓይነት ድራማ ዋና ጠባዩ መጨረሻው አለመታወቁ ነው። ፊልም ተቀርጾ ያልቃል። ቴአትር ለወራት ታይቶ ይወርዳል። ሶፕ ኦፔራ ግን እንደ ዳቦ ቤት ነው፤ ዛሬ የተጋገረው ዛሬ ያልቃል፣ ነገም ይጋገራል። ስለዚህ ተዋናዩ እንደማንኛውም ሠራተኛ ጠዋት ይገባል፣ ማታ ይወጣል። ጸሐፊዎቹ፣ ካሜራ ባለሙያዎቹ፣ ልብስ ክፍሉ ሁሉ ቋሚ ነው።

እኛ ዘንድ «ተከታታይ ድራማ» የምንለው ትንሽ ይለያል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን የሚታይ፣ በምዕራፍ ወይም በሲዝን የተከፈለ ሥራ ነው። አንዱ ምዕራፍ ያልቅና ቀጣዩ ስፖንሰር እስኪገኝ ይጠበቃል። ሊገኝ ይችላል፣ ላይገኝም ይችላል። ለተመልካች ልዩነቱ «መቼ ነው የሚቀጥለው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለተዋናዩ ግን የቤት ኪራይ ነው።

አንድ ሰው፣ አንድ ገጸ ባሕሪ፣ ከ60 ዓመት በላይ

አንጋፋ የሶፕ ኦፔራ ተዋናይ ሲባል በዓለም ላይ ቀድሞ የሚጠራው ስም የእንግሊዛዊው ዊልያም ሮች ነው። «ኮሮኔሽን ስትሪት» የተባለው ድራማ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1960 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተላለፍ ሮች በውስጡ ነበረ። የ28 ዓመት ወጣት ነበር። ኬን ባርሎው የተባለ ተማሪ ሆኖ ገባ። ከዚያ በፊት ወታደር ነበር፤ በሻምበልነት ማዕረግ ነው ሠራዊቱን የለቀቀው። ድራማው መጀመሪያ የታሰበለት ዕድሜ 13 ክፍል ብቻ ነበር። ሮች ግን ዘጠና ዓመት ካለፈውም በኋላ ኬን ባርሎውን ሲጫወት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 አንድ የቆየ የአሜሪካ ድራማ ሲዘጋ ክብረ ወሰኑ ወደ እሱ ዞረ። የጊነስ መዝገብም በአንድ ገጸ ባሕሪ ሳያቋርጥ ረጅም ዓመት የቆየ የቴሌቪዥን ሶፕ ተዋናይ ብሎ መዘገበው።

ይህን ስናነብ ቶሎ የሚታየን ጽናቱ ነው። ጽናቱ አይካድም። ግን ሰውየው የጸናው ሥራው ስለጸና ነው። አንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ኩባንያ ለዚያ ድራማ ቋሚ ስቱዲዮ ሠርቷል፣ ታሪኩ የሚካሄድበትን መንገድና መጠጥ ቤት ሳይቀር ገንብቷል። ኢኩዊቲ የሚባለው የተዋናዮች ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በአባላቱ ስም ይደራደራል። ሮች አንድ ቀን ቢታመም ነገ የሚመለስበት ሥራ አለው።

የሮች ሕይወት ሌላም የሚያሳየው አለ። «ዘ ሰን» የተባለው ጋዜጣ እሱንም ገጸ ባሕሪውንም አሰልቺ ናቸው ብሎ ጻፈ። ሮች በስም ማጥፋት ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1991 ረታ፤ 50 ሺህ ፓውንድም ተፈረደለት። ነገር ግን ጋዜጣው ከፍርዱ በፊት ያንኑ ያህል ሊከፍለው ጠይቆት ስለነበር የፍርድ ቤቱ ወጪ በራሱ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ ጠበቆቹን ከሰሰ፤ ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1999 መክሰሩ ታወጀ። ያን ጊዜም ድራማው ላይ ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ሚሊዮኖች በየሳምንቱ የሚያዩት ሰው ነው የከሰረው። ቴሌቪዥን ላይ መታየትና ገንዘብ መያዝ ለየቅል መሆናቸው የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ልዩነቱ ሮች ከኪሳራው በኋላም ደመወዙ መቀጠሉ ላይ ነው።

የእኛዎቹ በማን ደመወዝ ኖሩ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌቪዥን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ቴአትር ቤቶቹ ይቀድሙታል። ሀገር ፍቅር የተመሠረተው በ1927 ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ደግሞ በ1948 ነው የተከፈተው። ኋላ የራስ ቴአትርና የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተጨመሩ። ቴሌቪዥን ተዋናይ ሲፈልግ የሄደው ወደነዚህ ቤቶች ነው። የራሱ ተዋናይ አልነበረውም።

እነዚያ ተዋናዮች የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። መዝገብ ላይ የሰፈሩ፣ የወር ደመወዝ ያላቸው፣ ፈቃድ የሚወጡ፣ ጡረታ የሚቆረጥላቸው። ደመወዙ ብዙ አይደለም። ግን በየወሩ ይመጣል። የቴሌቪዥኑ ክፍያ በዚያ ላይ የሚጨመር ነበር። ተዋናዩ ጠዋት ልምምድ ይውላል፣ ቅዳሜና እሑድ መድረክ ላይ ይወጣል፣ በመሐል ለቴሌቪዥን ይቀረጻል። ዝናው የመጣው ከቴሌቪዥን ነው፤ ጡረታው የመጣው ከቴአትር ቤት ነው። ሕዝብ ዝናውን አየ፣ የደመወዝ መዝገቡን አላየም።

ሬዲዮም የራሱ ድርሻ አለው። ከ1994 እስከ 1997 የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት። የተሠራው ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤችአይቪና ስለ ሴቶች መብት ለማስተማር ነው። ወጪውን የሸፈነው ማስታወቂያ ሳይሆን የዕርዳታ ገንዘብ ነበር። ዘዴው ከሜክሲኮ የመጣ ነው። አንዱ ገጸ ባሕሪ መልካም ይሆናል፣ አንዱ ክፉ፣ አንዱ ደግሞ ከመሐል ሆኖ እያመነታ ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ አድማጩም ከሚያመነታው ጋር አብሮ ይሄዳል። ቴሌቪዥን ያልደረሰበት ገጠር ውስጥ ሰው ድራማ የለመደው በእንዲህ ያለ የሬዲዮ ሥርጭት ነው። የድምፅ ተዋናዩ ግን መንገድ ላይ ማንም አያውቀውም። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራው አብሮ ያልቃል።

ባሕር ዳር ውስጥም የዚያው የአዲስ አበባው አሠራር ትንሽ ግልባጭ አለ። የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ሙዚቀኞችን፣ ተወዛዋዦችንና ተዋናዮችን ይዞ የሚሠራ የክልሉ ተቋም ነው። እዚያ የተቀጠረ ተዋናይ ድራማ ቢያገኝ እሰየው ነው፣ ባያገኝም የወሩ መጨረሻ አያስጨንቀውም። ከዚያ ውጪ ያለው፣ በግሉ የሚሠራው ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው።

ዛሬ ትልቁ ለውጥ እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ትውልድ በብዛት በቴአትር ቤት በር አልገባም። ከፊልም ሥልጠና፣ ከማስታወቂያ፣ ከቲክቶክ ቀጥታ ወደ ድራማ ይመጣል። በዚህ ነቀፌታ የለኝም፤ ከመካከላቸው ጎበዝ ተዋናዮች ወጥተዋል። ግን አንጋፋዎቹን ያኖረው ምርኩዝ እነሱ ዘንድ የለም። የዛሬ ሃያ ዓመት የሚዞረው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከዛሬው የሚበዛ ይመስላል።

ገንዘቡ የሚያልፍበት መንገድ

«ፕሮዲውሰሩ በልቶት ነው» የሚለውን ለመመዘን ገንዘቡን መከተል ይጠቅማል። ፕሮዲውሰር ማለት ገንዘብ ፈልጎ፣ ባለሙያ ሰብስቦ ሥራውን የሚያወጣው ሰው ወይም ድርጅት ነው። ገንዘቡ የሚነሳው ከስፖንሰር ነው፤ ባንክ፣ ሪል እስቴት፣ ዘይት፣ ሳሙና። ጣቢያው ሥራውን ይገዛል ወይም የማስታወቂያውን ገቢ ከፕሮዲውሰሩ ጋር ይካፈላል። ፕሮዲውሰሩ ከዚያ ላይ ካሜራ ይከራያል፣ ቤት ይከራያል፣ መኪና ያሰማራል፣ ደራሲና ዳይሬክተር ይከፍላል። ተዋናዩ በክፍል ወይም በቀረጻ ቀን ይከፈለዋል። ባልተቀረጸበት ወር አይከፈለውም።

ምንጩ ላይ የሚሆነው ሁሉ ታች ድረስ ይወርዳል። ጥሩ ምሳሌ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ተግባራዊ ሲሆን የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጠፋ። ለጤና ተብሎ የተወሰደ እርምጃ ነው፤ ለዚያ የሚሟገት ብዙ ሰው አለ፣ ምክንያቱም አለው። ግን ቢራ ፋብሪካዎች የመዝናኛው ዘርፍ ትልልቅ ከፋዮች ነበሩ። እነሱ ሲወጡ ያልተተካ ጉድጓድ ቀረ። አዋጁን ያወጡት ስለ ተዋናይ ክፍያ አላሰቡም ይሆናል። ተዋናዩ ግን ሳይጠራ ከጉዳዩ ገባ።

አንድ የቀረጻ ቀን ምን እንደሚመስል ማየትም ሒሳቡን ግልጽ ያደርገዋል። ጣና ዳር ለመቅረጽ የሚመጣ ቡድን በጠዋት ነው የሚነሳው። ከቀትር በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ውኃውም ይናወጣል። ነፋሱ ማይክራፎን ውስጥ ገብቶ ንግግሩን ይበላዋል። ስለዚህ ድምፅ ያለበት ትዕይንት ሁሉ ከቀትር በፊት ማለቅ አለበት። ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ይመጣል፤ ድምፅ ባለሙያው እጁን ያነሳል፤ ይቆማል። የጀልባ ሞተር ይነሳል፤ ይቆማል። ባለፈው ሳምንት የተቀረጸው የትዕይንቱ ግማሽ ላይ ተዋናዩ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ከነበረ ዛሬም እዚያው ድረስ መሰብሰብ አለበት። ይህን መከታተል «ኮንቲኒዩቲ» ይባላል፤ የትዕይንቶች አለመፋለስ ማለት ነው። አንጋፋ ተዋናይ ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ነው። ሸሚዙን ሳይነግሩት ያስታውሳል፣ ቃለ ተውኔቱን አይስትም፣ ነፋሱ ሳይነሳ ይጨርሳል። ወጣቱ አራት ጊዜ የሚደግመውን እሱ በአንዴ ይጨርሰዋል። ለፕሮዲውሰሩ ይህ በቀጥታ ገንዘብ ነው። በውሉ ላይ ግን ይህ ልምድ ዋጋ የሚያገኝበት ደረጃ ወይም እርከን ብዙ ጊዜ የለም። ዋጋው በድርድር ነው፤ ድርድሩም ከሥራ ፈላጊነት ጋር።

ታዲያ ፕሮዲውሰሩ ይበላል? የሚበላ አለ። ግን ብዙዎቹ ፕሮዲውሰሮች ራሳቸው ስፖንሰር ሲከፍል የሚከፍሉ፣ ሲያዘገይ የሚያዘገዩ፣ ቤታቸውን ያስያዙ ሰዎች ናቸው። ሌብነቱ ቢጠፋ እንኳ አሠራሩ ያው ነው፤ አደጋው ከላይ እየተገፋ መጨረሻ ላይ ተዋናዩ ላይ ያርፋል። ክፍያ ጠይቆ ያልተስማማ ተዋናይ ምን እንደሚሆን ደግሞ ተመልካች ሁሉ ያውቃል። በሚቀጥለው ክፍል ገጸ ባሕሪው «አሜሪካ ሄዷል»። ወይ መኪና ይገጨዋል።

ገጸ ባሕሪው ሰውየውን ሲውጠው

ተከታታይ ድራማ ከፊልም የሚለይበት ሌላው ነገር ቅርበቱ ነው። ፊልም ለማየት ሰው ይወጣል። ድራማ ግን እራት ሰዓት ላይ ራሱ ቤት ይገባል። ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ የመጣ ሰው እንግዳ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ነው «ሰው ለሰው» ድራማ ላይ አስናቀን የተጫወተው አበበ ባልቻ በብዙ ሰው አፍ አስናቀ ሆኖ የቀረው። ገና ከዚያ በፊት የረጅም ዘመን የመድረክ ሰው ነበር። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ክፉ ገጸ ባሕሪ ሸፈነው ማለት ይቻላል። ለትወናው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ለኪስ ሲሆን ግን ሁለት ፊት አለው። ደግ አባት ሆኖ የሚታወቅ ተዋናይ ባንክ ለማስታወቂያ ይፈልገዋል። ክፉ ነጋዴ ሆኖ የሚታወቀውን ባንክ ይፈራዋል። በሁለቱም በኩል ደግሞ ዳይሬክተሮች ያንኑ ዓይነት ሰው ደግመው ይሰጡታል። ይህ «ታይፕካስት» ይባላል፤ ተዋናይን በአንድ ዓይነት ገጸ ባሕሪ መቀንበብ ነው። ፊቱ የታወቀ፣ ግን ጠሪው የጠፋ ተዋናይ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ «እሱማ ሞልቶለታል» ሲል እሱ ለሦስተኛ ዓመት ስልክ ይጠብቃል።

ከዝናው ጋር የሚመጣ ወጪም አለ። ታክሲ ተጋፍቶ መሳፈር ያስወራል። ሰርግና ለቅሶ ላይ ከሌላው በላይ ይጠበቅበታል። ሲቸገር መናገር ያሳፍረዋል። «ሲያገኝ አላስቀመጠም» የሚለው ወቀሳ ለአንዳንዱ ሊሠራ ይችላል፤ በዓመት ለአምስት ወር ብቻ ገቢ ያለውን ሰው ግን ስለ ቁጠባ መውቀስ ሒሳቡን አለማየት ነው።

ድጋሚ ሲታይ ማን ይከፈለዋል?

የቆየ ድራማ ዛሬ አይሞትም። ጣቢያ በበዓል ይደግመዋል፤ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል። ሚሊዮን ሰው ያየዋል። ተዋናዩም ከሚሊዮኑ አንዱ ሆኖ፣ የራሱን ዳታ ሞልቶ ያየዋል።

በአሜሪካ ለዚህ «ሬሲዱዋል» የሚባል ክፍያ አለ። ሥራው በድጋሚ በታየ ወይም በተሸጠ ቁጥር ለተዋናዩ የሚሰጥ ድርሻ ነው። በስጦታ የተገኘ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 የፊልም ተዋናዮች ማኅበር ለሳምንታት ሥራ አቁሞ ነው ወደ ቴሌቪዥን ከሚሸጡ ፊልሞች ድርሻ ያገኘው፤ የጡረታና የጤና ፈንዱም የተመሠረተው ያኔ ነው። በ2023 ደግሞ በኢንተርኔት ለሚታዩ ሥራዎች በሚከፈለው ድርሻና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉዳይ 118 ቀን ሥራ አቆሙ።

ወደ እኛ ሕግ ስንመጣ ነገሩ ባዶ አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተዋናይን፣ ዘፋኝንና ተወዛዋዥን «ከዋኝ» ብሎ ይጠራል። ከዋኝ በአከዋወኑ ላይ መብት አለው፤ ጥበቃውም 50 ዓመት ነው። በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው ክፍያ የሚሰበስቡበት መንገድ ተከፈተ። ወረቀቱ አለ ማለት ነው።

ችግሩ ያለው ሌላ ወረቀት ላይ ነው፤ ተዋናዩ በሚፈርመው ውል። በተለምዶ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው። ስንት ክፍል እንደሚሠራ፣ በክፍል ስንት እንደሚከፈለው ይላል። ከዚያ አንድ አጭር አንቀጽ አለች፤ የሥራው መብት ሙሉ በሙሉ የፕሮዲውሰሩ ነው የምትል። ዩቲዩብ፣ የውጭ ሽያጭ፣ ድጋሚ ሥርጭት ሁሉ በዚያች አንቀጽ ያልፋል። በዓለም አቀፍ ሕግም ተዋናይ ከዘፋኝ ይልቅ ደካማ ሆኖ ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. የ1961 የሮም ስምምነት ተዋናይ አንድ ጊዜ በምስል ለመቀረጽ ከፈቀደ በስምምነቱ የተሰጠው ጥበቃ ከዚያ ወዲያ አይከተለውም ይላል። ይህን ለማስተካከል የመጣው የ2012ቱ የቤጂንግ ስምምነት ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው በ2020 ነው።

ፕሮዲውሰሮች የሚያነሱት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ድራማው ቢከስር ተዋናዩ ኪሳራውን አይካፈልም፣ ትርፉን ለምን ይካፈላል ይላሉ። ሠላሳ ተዋናይ ያለበትን ሥራ ዩቲዩብ ላይ ባሳየ ቁጥር ለሠላሳ ሰው ማካፈል ከገቢው በላይ የሒሳብ ሥራ ይፈጥራል የሚሉም አሉ። ሁለተኛው እውነት አለው፤ ለዚህም ነው በሌላው ዓለም ማካፈሉን የሚሠራው ማኅበር እንጂ ፕሮዲውሰሩ ያልሆነው። የመጀመሪያው ግን ጉድለት አለበት። ክፍያው ዘግይቶ ወይም ምዕራፉ ተቋርጦ ሲቀር ተዋናዩ ኪሳራውን ተካፍሏል።

የቱርክ ድራማውስ?

ብዙ ሰው የአገር ውስጥ ድራማ ተዋናይን የጎዳው ትርጉም ነው ይላል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየተካ ሲጀምር የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች አጥብቀው ተቃውመው ነበር። ሥጋታቸው ምክንያት ነበረው። ሌላ አገር ወጪውን የመለሰ ሥራ ገዝቶ ድምፅ መቀየር አዲስ ከመቅረጽ በብዙ ይረክሳል። በሌላ በኩል ተመልካች የጥራትን ልክ ከፍ አደረገ፤ የአገር ውስጥ ሥራውም በካሜራና በድምፅ ከዚያ ወዲህ ተሻሻለ። ለድምፅ ተዋናዮችም ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ፣ በየሳምንቱ የማይቋረጥ አዲስ ሥራ ተፈጠረ። የሚገርመው፣ ለእውነተኛው ሶፕ ኦፔራ አሠራር የቀረበው ይህ ነው፤ ፊታቸው የማይታወቅ ሰዎች ናቸው የዘወትር ሥራ ያገኙት።

ከባሕር ዳር ሲታይ

እስካሁን ያልነው በአብዛኛው አዲስ አበባ ላለ ተዋናይ ነው። ባሕር ዳር ላለው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ርቀት። ስፖንሰሮቹ፣ ጣቢያዎቹ፣ ስቱዲዮዎቹ እዚያ ናቸው። መንገዱ በመኪና የአንድ ቀን ነው። በክፍል የሚከፈለው ተዋናይ ለአንድ ትዕይንት ሄዶ መመለስ አያዋጣውም። ስለዚህ ወይ ይሰደዳል፣ ወይ ሌላ ሥራ ይዞ በትርፍ ጊዜው ይጫወታል። መምህር ሆኖ፣ ቢሮ ገብቶ፣ የሰርግ መድረክ መሪ ሆኖ። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር መሆኑ አንድ በር ነው። የክልል ጣቢያ ግን በጀቱ የሚሄደው በዋናነት ለዜናና ለፕሮግራም ነው። ድራማ ውድ ነው።

ከሐምሌ 2015 ወዲህ ያለው ሁኔታ ደግሞ የነበረውንም አጠበበው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ሰዓት እላፊ ተጣለ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ፣ መንገዱ አስጊ ሆነ። የምሽት ትዕይንት በሰዓት እላፊ አይቀረጽም። ስፖንሰርም መሣሪያና ሰው ጭኖ ወደማይታወቅ ነገር አይልክም። ጣና፣ ዘጌና የዓባይ መውጫ ለካሜራ የተሠሩ የሚመስሉ ቦታዎች ናቸው፤ ግን ውበት ብቻውን ቀረጻ አያመጣም።

ጡረታና ሕክምና በሕጉ ውስጥ

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ነው የመጣው፤ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። መዋጮው በጠቅላላው 18 በመቶ ነው፤ 11 ከአሠሪው፣ 7 ከሠራተኛው። ቢያንስ አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ሲሞላው አበል ያገኛል። ጥያቄው በክፍል የሚከፈለው ተዋናይ «ሠራተኛ» ነው ወይ የሚለው ነው። አንደኛው ወገን አይደለም ይላል። ነጻ ባለሙያ ነው፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ይሠራል። ሌላው ወገን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ያነሳል። በሌላ ሰው አመራር ሥር ሆኖ ለደመወዝ የሚሠራ፣ በቁራጭም ቢሆን፣ ሠራተኛ ነው ይላል። ዳይሬክተሩ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚለብስ፣ የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚናገር የሚያዘው ሰው ከዚህ በላይ በማን አመራር ሥር ሊሆን ነው? ለሁለት ዓመት በአንድ ድራማ ለቆየ ተዋናይ ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ያሳምናል። ለሁለት ትዕይንት ለመጣው ግን አይሠራም።

ሕክምናው የባሰ ነው። ዕድር ሰው ሲሞት ይደርሳል፤ ሲታመም ግን ብዙ ጊዜ እጁ አጭር ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መደበኛ ቅጥር ለሌለው ሰው የተሠራ ነው፤ አማራ ክልልም ከ2003 ጀምሮ በሙከራ ከገቡት ነበር። ተዋናይም በቤተሰብ ደረጃ መዋጮ ከፍሎ መግባት ይችላል። የሚሸፍነው ግን ውል ባላቸው የአገር ውስጥ ተቋማት የሚሰጠውን ነው፤ የውጭ አገር ሕክምናን አይነካም። ፎቶ ወጥቶ ገንዘብ የሚሰበሰብላቸው ሕመሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ «ውጭ ሄዶ ይታከም» የሚባሉት ናቸው። ልመናው ቢቀጥል እንኳ መድኅኑ ቀድሞ ምርመራ እንዲያደርግ ያግዘዋል። ውጭ የሚያስኬድ ደረጃ ላይ ከሚደርሱት ሕመሞች አንዳንዶቹ ስኳርና ደም ግፊት ሆነው የጀመሩ ናቸው።

ከዚህ ወዲያ ጉዳዩ ድርድር ነው። አሥራ አንዱን በመቶ ማን ይክፈል? ፕሮዲውሰሩ ከራሱ ኪስ ካለ በጀቱ አይችለውም፤ ተዋናይ ይቀንሳል። ጣቢያው ድራማ ሲገዛ የጡረታ መዋጮ የተከፈለበትን ብቻ እገዛለሁ ቢል ግን ወጪው ለሁሉም ፕሮዲውሰር እኩል ይሆናል፤ ርካሽ ዋጋ ሰጥቶ የሚያሸንፈው መዋጮ ያልከፈለው አይሆንም። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የግዥ ውል ላይ አንድ አንቀጽ ይበቃል። ቀድሞ ማድረግ የሚችሉትም የሕዝብ ጣቢያዎቹ ናቸው፤ የሚገዙት በሕዝብ ገንዘብ ነውና። ባሕር ዳር ያለው ጣቢያም ከነሱ አንዱ ነው።